ለወጥ የተገዛ፣ ለላም የተጋተ

ከመርካቶ ተነስቶ በአጠና ተራ በኩል የሚወጣው ታክሲ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ሲደርስ ረዳቱ «አስራ ስምንት ወራጅ!» ብሎ በሩን ይስባል። ወራጁ ገና ሳይወርድ የነጭ ሽንኩርትና የእርጥብ ጤና አዳም ሽታ ይቀበለዋል። መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው የተቀመጡ የጉሊት ሴቶች የደረደሩት ሁሉ ለሰው ማዕድ የመጣ ይመስላል፤ ዝንጅብሉ፣ ሎሚው፣ በጣሳ የሚሰፈረው ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በትንንሽ እስር የታሰረው ጤና አዳም፣ የደረቀው ጦስኝ። ገዢው ሁሉ ግን ለወጥ አይገዛም።

«እማማ፣ ላሟ ሆዷ ተነፍቷል፤ ፌጦው ስንት ይበቃታል?» የሚል ጎረምሳ ይመጣል። ዶሮዎቿ ክንፋቸውን ጥለው የተከዙባት እናት ነጭ ሽንኩርቱን ከሎሚው ጋር ታነሳለች። ልምድ ያላት ሻጭ ከዋጋው በፊት ስለ በሽተኛዋ ትጠይቃለች፦ «ምን በልታ ነው የኔ ልጅ? ታመሰኳለች? ክብድ ናት እንዴ?» ምርመራውም ማዘዣውም በዚህች አጭር ጥያቄና መልስ ውስጥ ያልቃል።

አዲስ አበባ የከብት ከተማም መሆኗን የረሳ ሰው ማለዳ በኮልፌ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ቢሄድ ይታወሰዋል። ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ የፈረንጅ ላሞች አሉ። ፉርሽካና ፋጉሎ የጫነ አህያ በየበሩ ይቆማል፣ የጠላ አተላ በጀሪካን ይገባል። ከ18 በዊንጌት በኩል እልፍ ሲሉ ደግሞ ሸጎሌ አለ፤ በዓል በቀረበ ቁጥር ሰንጋው፣ በጉና ፍየሉ የሚጎርፍበት የቁም እንስሳት ገበያ። ከሩቅ አገር በጭነት መኪና የመጣ በሬ ደክሞት፣ ተጠምቶ፣ አንዳንዴም ታሞ ይወርዳል። ነጋዴው ከከብቱ ጋር የአገሩን መድኃኒትም በራሱ ይዞ ይመጣል። የጉራጌው፣ የስልጤው፣ የሸዋው፣ የወሎው ዘዴ ሁሉ እዚህ ሰፈር ይገናኛል፤ አንዱ ከሌላው ይማራል።

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ የዶሮ ነው። በተለይ ክረምት ሊገባ ሲል ፈንግል ይመጣል። ዶሮዋ ትተክዛለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንገቷ ይጣመማል፣ ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። የሰፈሩ መልስ የታወቀ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ በርበሬ ይነሰነስበታል፣ ካለም አረቄ ጠብ ይደረግበትና በመንቁሯ ይንጠባጠባል።

በርበሬን በዶሮ ጉሮሮ መክተት ለሚያይ ሰው ጭካኔ ይመስላል። ዶሮዋ ግን እንደ ሰው አትቃጠልም። ወፎች የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም። ጆሽዋ ተክስበሪና ጋሪ ናብሃን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአሪዞና በሚበቅል የዱር ቃሪያ ላይ ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ አይጥን የመሰሉ እንስሳት ፍሬውን ሲሸሹት ወፎች ግን በልተውት ዘሩን ሳይጎዱ ይበትኑታል። ተክሉ ማቃጠያውን ያበጀው ዘሩን ለሚያደቅ ጥርስ እንጂ ለወፍ አይደለም።

በርበሬ ራሱ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። ፈንግልንም ሳይንስ በስሙ ለይቶ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ በተከሰተው ወረርሽኝ ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በርበሬ በሎሚ በጥብጣ ለታመመች ዶሮዋ ያጠጣች ኢትዮጵያዊት ከጥንት የተላለፈ ቀመር በእጇ አልነበረም። ያላትን ሞከረች። ጎረቤቷ አየች፣ እሷም ሞከረች። ይህን ዕውቀት ከድሮ ዘመን የተረፈ ቅርስ አድርገው የሚያወድሱትም ሆኑ ኋላ ቀር ነው ብለው የሚንቁት አንድ ነገር ይስታሉ፤ ዕውቀቱ ዛሬም በሙከራ ላይ ነው። አዲስ ቅመም ሲመጣ ይቀበላል፣ አዲስ በሽታ ሲመጣ ያለውን ይዞ ይገጥማል። የጎደለው ድፍረትና ብልሃት አይደለም። የተሞከረውን የሚመዘግብ፣ የዳነችውን ከሞተችው ጋር አስተያይቶ የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው።

በፈንግል ጉዳይ ቆጠራው ቢኖር ኖሮ መልሱ መራራ በሆነ ነበር። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት በጉሊትም በፋርማሲም የለም። ከመንጋው ጥቂቶቹ ይተርፋሉ፣ ለመትረፋቸውም ምስጋናው ለነጭ ሽንኩርቱ ይሰጣል። የሚያድነው አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ክትባት ይይዛል፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ከተከፈተ በኋላም አይቆይም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም፤ ስለዚህ ወደ ጉሊቷ ትመጣለች። ዕድር በየመንደሩ ባለበት አገር ሃያ እናቶች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ቀን ለማስከተብ መስማማት የማይችሉበት ምክንያት የለም። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይህን ቀን ቢያዘጋጅ፣ ወሬውን ከማንም በተሻለ የምታደርስለት ያቺው ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ናት።

የላም ሆድ መነፋት ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ እዚህ የአገሬው ዕውቀት ልክ ነው። ላም ለጋ የጥራጥሬ ቅጠልና እርጥብ ሣር ባዶ ሆዷን በብዛት ስትበላ ጨጓራዋ ውስጥ አረፋ ይሞላል። ጋዙ አረፋው ውስጥ ታምቆ በግሳት መውጣት ያቅተዋል፣ የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ሳንባዋ ይጨነቃል። የኢትዮጵያ ገበሬ የተወቀጠ ኑግ ወይም ተልባ በውኃ በጥብጦ ወይም ዘይቱን እንዳለ ይግታታል፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ይጨምርበታል። ዘይት አረፋን ይሰብራል። በእንስሳት ሕክምና የተማረ ሐኪምም በዚያች ሰዓት ሌላ ነገር በእጁ ከሌለው የሚያዘው የምግብ ዘይት ነው።

በከተማ ግን ሆድ የሚነፋው በአረፋ ብቻ አይደለም። የኮልፌ ላም የአትክልት ተራ ትርፍራፊ ትበላለች፤ ሙሉ ድንች ወይም የጥቅል ጎመን ግንድ ጉሮሮዋ ላይ ሲሰነቀር ጋዙ መውጫ ያጣል። ያኔ ዘይት መጋት አይጠቅምም፣ ይልቁንም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። አገጯ በምራቅ ከተዝረከረከ፣ አንገቷን ዘርግታ ካሳለች፣ ጠርሙሱን አስቀምጦ ሐኪም መጥራት ነው። ለመጋት ደህና የሆነችውንም ላም ቢሆን ራሷን ሽቅብ ቆልምሞ፣ ምላሷን ስቦ ማፍሰስ ብዙ ላም ገድሏል፤ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ ይወርድና ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ትሞታለች። ሞቷ ግን በሆድ መነፋቱ ይሳበባል።

የነጭ ሽንኩርት ነገር ከተነሳ አንድ የሚያስደንቅ አለ። ሳይወቀጥ ሽታም ሆነ ብርታት እምብዛም የለውም። ተህዋስያንን የሚጎዳው አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሲደቅ፣ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ቼስተር ካቫሊቶና ባልደረባው ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው አወጡት። በሙቀጫ ወቅጦ ወዲያው መስጠት፣ ሳያበስሉ መስጠት፣ እናቶች ሁልጊዜ የሚያዙት ይህንኑ ነው። ላሟን የሚያልባት ሰው ግን ሌላም ያውቃል፤ ነጭ ሽንኩርት የበላች ላም ወተት ብዙ ሳይቆይ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ የወተት ደንበኛም ያንን አይምርም።

ከ18 በዊንጌትና በአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ፣ ከዚያም የገፈርሳን ግድብ ትቶ ወደ ሆለታ ለሚጓዝ ሰው ጉሊቱ ላይ በእስር ያየው ሁሉ ከነሥሩ ይጠብቀዋል። ግራዋው አጥር ሆኖ ቆሟል። ብሳናው ከእርሻ ዳር አለ፤ ፈሳሹ ለቋቁቻና ለቁስል ይቀባል። እንዶዱ በቁጥቋጦው ላይ ተጠምጥሟል። ወይራው የወተት ዕቃ ይታጠንበታል፤ ጭሱ ለእርጎው መዓዛ ይሰጣል፣ የሚያበላሹትን ተህዋስያንም ያዳክማል።

ግራዋ በኢትዮጵያ ለከብት ከሚሰጡት ቅጠሎች በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ለሆድ ትል፣ ለሆድ መነፋት፣ ስትወልድ የእንግዴ ልጅ ለቀረባት ላም። መራራነቱን ከሰው ሌላ የሚያውቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1987 በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና ታንዛኒያዊው መሐመዲ ሰይፉ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ሲከታተሉ የግራዋን ቀንበጥ ልጣ መራራ ጭማቂውን ስትመጥ አዩ። ጤነኞቹ እምብዛም የማይነኩት ተክል ነበር። እሷ በማግስቱ አገገመች። በኋላ በተደረጉ ክትትሎችም የአንጀት ትል እንቁላል ቁጥር ግራዋ በመጠጡ ቺምፓንዚዎች ላይ ሲቀንስ ታየ። ሰይፉ ተክሉን በሕዝቡ መድኃኒትነት አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ የሃፍማን ግኝት የተወለደው ከዚህ አገርኛ ዕውቀት ጋር ነው። ብዙ ጊዜ ሲተረክ ግን የሰይፉ ስም ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም።

በበጋ ውኃ ሲያንስ በየኩሬው አልቅት ይበዛል። ከብቱ ሲጠጣ አፍንጫውና ጉሮሮው ውስጥ ይጣበቃል፣ ደም ይመጣል፣ ጥጃ ይመነምናል። የደጋ ገበሬ የትምባሆ ቅጠል በውኃ አሽቶ በአፍንጫው ያንቆረቁርለታል። ኒኮቲን አልቅቱን ሽባ ያደርገዋል፣ ይወድቃል። ዘዴው ይሠራል፤ ኒኮቲን ለነፍሳት መግደያነትና ለከብት ትል መድኃኒትነት በፋብሪካ ተመርቶ በዓለም ሲሸጥ የኖረ ነው። ነገር ግን አልቅቱን በሚጥለውና ጥጃውን በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ቅጠሉም ከማሳ ማሳ ብርታቱ ይለያያል። «አንድ እፍኝ» የሚለው መለኪያ ለፌጦ ይበቃ ይሆናል፣ ለትምባሆ ግን አይበቃም።

እንዶድ ከዚህ ሁሉ መካከል ቆጣሪውን ያገኘ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ጥናቱ ቀጠለ፣ እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ስለ እንዶድ ሲወራ ሰው ብቻ ይነሳል፤ የከብት የጉበት ትልም በውኃ ውስጥ በሚኖር ሌላ ቀንድ አውጣ በኩል እንደሚዞር ግን ለረግረግ ዳር ገበሬ ቢነገረው ትልቅ ነገር ነው። አክሊሉ ያየው የልብስ አጣቢዎቹን ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ዐይን በአንድ ተክል ብቻ መቆሙ ያሳዝናል።

ከሆለታ በስተደቡብ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ከተዘለቀ ከጥዱ መካከል ኮሶ አለ። ኮሶ የሰው መድኃኒት ነው፤ የከብትም ጉዳይ ነው። የኮሶ ትል በሰው አንጀት ይኖራል፣ እንቁላሉ በሜዳ ሲጣል ከብት ከሣር ጋር ይበላዋል፣ በሥጋው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል፣ ጥሬ ሥጋ የበላም መልሶ ይወስደዋል። አባቶች በየጥቂት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ይሽሩ ነበር፤ በየሜዳው የሚወርደው ትል ግን ከብቱን ዳግም ይበክል ነበር። የመድኃኒቱ ብርታት ያለ መፀዳጃ ቤት ምን ያህል ብቻውን እንደሚቀር የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ወደ 18 ሲመለሱ ጦስኙ ፊት መቆም ተገቢ ነው። ይህ የኢትዮጵያ ጦስኝ በሌላ አገር የማይበቅል ነው፤ ከመንዝና ከጣርማ በር ደጋ፣ ከባሌም ይመጣል፣ በሻይና በሽሮ ይገባል። ዘይቱ በቲሞልና በካርቫክሮል የበለጸገ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለማድለቢያ ተብሎ በመኖ ውስጥ የሚጨመርን ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ከከለከለ ወዲህ፣ እነዚሁ ሁለት ንጥረ ነገሮች በዶሮና በአሳማ መኖ ውስጥ በፋብሪካ እየተጨመሩ ይሸጣሉ። ሰሜኑ ዓለም ከመድኃኒት ወደ ቅመም ሲመለስ የኮልፌ ዶሮ አርቢ በተቃራኒው ከቅመም ወደ ፀረ ተህዋስ ብልቃጥ እየሄደ ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝቶ በውኃ በጥብጦ ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች መሐል ላይ መገናኘት ነበረባቸው።

ቀበርቾ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለው። ሥሩ ለጢስ ይፈለጋል፤ ቤት ይታጠንበታል፣ በረት ይታጠንበታል። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው። ቅጠሉ የተቀጠፈ ግራዋ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ የተነቀለ ቀበርቾ ግን አያቆጠቁጥም። ያንሰን የተባለ የሆላንድ ምሁር የኢትዮጵያን ቅመማ ቅመሞችና መድኃኒት ተክሎች እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የቆየው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ሥራ ስምንት ቅጽ ሆኖ ተጠናቋል። ምሩጽ ጊደይና ጎበና አመኒ የደቡብ ትግራይን የከብት መድኃኒት ተክሎች እ.ኤ.አ. በ2003 መዝግበዋል፤ ምሩጽ ከባልደረባቸው ጋር የአፋርንም አጥንተዋል። የማኅበረሰብን ዕውቀትና መብት የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ በሕግ ደረጃ አለ። መዝገቡ ተጀምሯል ማለት ነው። ከገጠር ይልቅ የከተማው ጉሊት ግን ገና አልተጠየቀም፤ ከአራቱም አቅጣጫ የመጣ ዕውቀት በአንድ ላስቲክ ላይ ተሰብስቦ የሚገኘው እዚህ ሆኖ ሳለ።

ቅጠል የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ኢትዮጵያ በከባድ ዋጋ ተምራለች። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከምጽዋ የተነሳው የከብት ወረርሽኝ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀንን አስከተለ። ያን በሽታ የመለሰ ሥርም ቅጠልም አልነበረም። በመጨረሻ ያጠፋው ክትባት ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዓለም በሙሉ በ2011 ነፃ መሆናቸው ታወጀ። ነገር ግን ሙቀት የሚችለውን ክትባት በአፋር በረሃ ለመጨረሻዎቹ መንጋዎች ያደረሱት ከአርብቶ አደሩ የተመረጡ፣ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ከብቱን በመልኩ፣ በሽታውን በምልክቱ ያውቁ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ያለው ሐኪም ያላወቀውን መንገድ እነሱ ያውቁት ነበር።

አባ ሰንጋና የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ናቸው። በድንገት የሞተን፣ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚወርደውን ከብት ማረድም ሆነ ቆዳውን መግፈፍ ሰው ይገድላል፤ እዚያ ላይ ፌጦ ለመፈለግ የሚጠፋ ሰዓት የለም። ጤና አዳምም ቢሆን በብዛት ሲሰጥ ማኅፀንን ያነሳሳል። ለዚህ ነው ጥሩዋ ሻጭ «ክብድ ናት እንዴ?» ብላ የምትጠይቀው፤ አዎ ከተባለች እስሩን መልሳ ታስቀምጣለች፣ ጎረምሳውንም ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ትልከዋለች።

ክሊኒኩ የተላከውን ሲቀበል የመጀመሪያ ጥያቄው «እስካሁን ምን አጠጣችኋት?» ቢሆን፣ ሲመለስለትም ባይስቅና ባይቆጣ፣ ብዙ ነገር ያውቃል። ትምባሆ ከተሰጣት የልቧ ምት ይለወጣል፤ ዘይት ከተጋተች ሳንባዋን ያዳምጣል፤ ከሰፈር የተገዛ ፀረ ተህዋስ ከተወጋች ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይሸጥ ለባለቤቷ ይነግራል። ያንን መልስ በካርዱ ላይ ተክሉን፣ መጠኑንና የሆነውን ጨምሮ ቢጽፈው፣ በዓመቱ መጨረሻ ከኮልፌ አንድ ክሊኒክ ብቻ እስካሁን ያልነበረ መዝገብ ይወጣል፤ ፌጦ ለስንቷ ላም ሠራ፣ ለስንቷ አልሠራም የሚለው።